ከተማሪዬ እናት ቤት የተማርኩት

ሥነ ሕንፃ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በምን እንደምከፍት ከወራት በፊት ወስኜ ነበር። ፕሮጀክተር አብርቼ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ከኖረው ሮማዊ ከቪትሩቪየስ ጀመርኩ። ጥሩ ሕንፃ ሦስት ነገር ያሟላል ይላል፦ ጥንካሬ፣ ጥቅምና ውበት። ከዚያ ወደ ግሪክ ዓምዶች፣ ቀጥሎም ወደ ዘመናዊው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ቪላዎች ተሻገርኩ። ተማሪዎቹ አቀርቅረው ጻፉ። በወሩ መጨረሻ ስፈትናቸው ሦስቱን ቃላት የሳተ አልነበረም። የገባቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

እንዳልገባቸው ያወቅኩት ስቱዲዮ ስንገባ ነው። አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ አነስተኛ መኖሪያ ቤት ንደፉ አልኳቸው። አብዛኞቹ ከመጽሔትና ከስልክ የተቀዳ ቪላ ይዘው መጡ። የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት አልጋውን ይመታል። ደረጃ የሚወጣ ሰው ጭንቅላቱ ኮርኒሱን ይነካል። ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ ስጠይቅ እርስ በርስ ይተያያሉ። “ጥቅም” ብለው ጽፈው ሙሉ ነጥብ ያገኙት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ከመካከላቸው ከጎጃም ገጠር የመጣ፣ ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ነበር። ሥራ በምንገመግምበት ቀን የለጠፈው ክብ ቤት ነው። መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ ዙሪያውን መደብ፣ ወደ ውስጥ ጓዳ፣ ከበሩ በስተግራ የጥጃ ጋጣ። አንድ ጊዜ አየሁትና “ይሄ እኮ ጎጆ ነው፤ አንተ የመጣኸው አርክቴክቸር ልትማር ነው” አልኩት። ጥቂት ተማሪዎች ሳቁ። ልጁ ሥዕሉን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ጠቅልሎ ቦታው ተቀመጠ። ለተቀዱት ቪላዎች ለእያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ ሰጥቻለሁ። ለእሱ ሁለት ደቂቃ አልሰጠሁትም።

በማግስቱ ስቱዲዮ አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ ቀረ። የተናገርኩት ነገር እየከነከነኝ ስለነበር በጓደኛው በኩል አስጠራሁትና ቢሮዬ መጣ። ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ እንዲያስረዳኝ ለመንኩት።

“ልኩን ከየት አመጣኸው?” አልኩት።

“በክንዴ ነው ቲቸር። ቤቱን ከአባቴ ጋር ስንሠራ ነበርኩ።”

ክንዱን ወደ ሜትር ስንመልሰው የቤቱ ወርድ 6 ሜትር ገደማ ሆነ። እኔ በካልኩሌተር ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ስፋቱ ወደ 28 ካሬ ሜትር፣ የግድግዳው ዙሪያ 19 ሜትር ይሆናል። ያንኑ ስፋት በአራት ማዕዘን ቢሠሩት ከ21 ሜትር በላይ ግድግዳ ይጠይቃል። ክብ መሆኑ ብቻ ሁለት ሜትር ከግማሽ የሚጠጋ ግድግዳ የሚፈጀውን እንጨት፣ ጭቃና የሰው ጉልበት ቆጥቧል። ይህን ከዚያ ቀን በፊት ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

ከዚያ እሱ ቀጠለ። በሩ የዞረው ነፋስ ወደማይመጣበት ነው። የጥጃዎቹ ትንፋሽ ሌሊት ቤቱን ያሞቃል። መደብ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ጓዳውን አያይም፤ እናቱ ግን ከጓዳ ሆና ማን እንደገባ ታያለች። ከመደቡ ጠርዝ ላይ የሳላትን ቀጭን ጥምዝ መስመር ምንነት ጠየቅኩት። “እናቴ ለበዓል ስትለቀልቀው በጣቷ የምታወጣው ነው” አለኝ።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ልጁ የእናቱን ቤት እንዳለ አልገለበጠም። ምድጃውን ከመሐል አንሥቶ፣ ከጓዳው ኋላ የጭስ መውጫ ወዳላት ትንሽ ክፍል ወስዶታል። “ጭሱ የእናቴን ዓይን ጎድቶታል” አለኝ። ነገር ግን ጭሱ ሣር ክዳኑን እያጠነ ከተባይ ይጠብቀው ነበር፤ ጭሱ ከወጣ ሣሩን የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ ክዳኑን ቆርቆሮ አደረገው። ቆርቆሮ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩ ኮርኒስ ጨመረ። ቆርቆሮ ደግሞ ለክብ ጣሪያ ሲቆረጥ ብዙ ይባክናል። እዚያ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጓል።

“እዚህ ጋ ተቸግሬ ያን ቀን እርስዎን ልጠይቅ ነበር” አለኝ።

አንዱን ነገር ስትነካ ሌላው እንደሚንቀሳቀስ፣ ምድጃ ያለ ጣሪያ፣ ጣሪያም ያለ ግድግዳ ቅርጽ ብቻውን እንደማይወሰን፣ የሥነ ሕንፃ መነሻ ይኸው ነው። በወር ሙሉ ስላይድ ያላስተማርኩትን ልጁ ራሱ ደርሶበት ነበር። እኔ ደግሞ አሸማቅቄ አስቀመጥኩት። ያሳፈርኩት በክፍሉ ፊት ስለነበር ይቅርታም የጠየቅኩት በክፍሉ ፊት ነው። ከዚያ ሥዕሉን መልሶ ለጠፈው፤ በቆርቆሮው ጉዳይ ሁላችንም አብረን ተከራከርን።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ስጀምር ፕሮጀክተር አልከፍትም። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ያደጉበትን ቤት በቃል ማስታወስና መሳል ነው። ሁለተኛው የሚያድሩበትን ዶርም መጀመሪያ በክንድና በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሜትር መለካት ነው። 1 ለ50 የሚባለው ልኬት የሚገባቸው 6 ሜትሩ ክፍል ወረቀት ላይ 12 ሳንቲሜትር ሲሆን ነው። በየቀኑ የሚወጡትን ደረጃ ይለካሉ፤ የከፍታው እጥፍ ከመርገጫው ጋር ተደምሮ 63 ሳንቲሜትር አካባቢ ሲሆን ለእግር እንደሚመች፣ ከዚያ ሲርቅ እንደሚያደክም ጉልበታቸው ይመሰክራል።

ከቤታቸው ከወጣን በኋላ ሐረር እንሄዳለን። በሐረሪዎች ቤት፣ በጌይ ጋር ውስጥ፣ ነደባ የሚባሉት መደቦች ከፍታቸው ይለያያል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚለየው ያለ ግድግዳ በዚያ ከፍታ ነው። ወለል ከፍና ዝቅ ብሎ ክፍል መለየት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ከዚያ ላሊበላ። ቤተ ጊዮርጊስ ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ወለሉ እየተጠረበ የወረደ ነው። ጠራቢዎቹ ድንጋይ አልደመሩም፤ ቀነሱ። ባዶ ቦታም እንደ ግድግዳው የሚታሰብበት ነገር መሆኑን ተማሪ እዚያ ያያል። ቪትሩቪየስ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሦስቱ ቃላት አዲስ አይሆኑባቸውም።

ከተማ ውስጥ ጎጆ እንሥራ ማለቴ አይደለም። ጎጆውም ችግር አለበት፤ የዚያች እናት ዓይን ምስክር ነው። ችግሩን ያየው ግን ቤቱን የሚያውቀው ልጅ ነው፤ መፍትሔውንም የጀመረው እሱ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ስላይድ ከመክፈታችሁ በፊት ያደጉበት ቤት በር ወዴት እንደሚከፈት ጠይቋቸው። መልሱንም እስኪጨርሱ ስሟቸው።