አህያዋ ለምን ተበላች?

«ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ ያደገ ሰው ይህቺን አያጣትም። ዝናብ ጠፋ፣ ረሃብ ገባ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነውና እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ በሬ ሰብሮ መብላቱን ተናገረ። «ይሄማ ምን ኃጢአት አለው!» አሉት። ነብርና ጅብም የየራሳቸውን ተናዘዙና በዚሁ ታለፉ። በመጨረሻ አህያ ጌታዋ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ሣር መንጨቷን ተናገረች። «ለካ ዝናቡን ያስቀረሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው በሏት።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ዳንግላ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ ይህንን ተረት ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ነገርኳቸው። ሳቃቸው ሳይበርድ ጠመኔዬን አንስቼ «ከተረቱ ምን እንማራለን?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱን እኔው አስቀድሜ አዘጋጅቼዋለሁ፦ «ሥራ ላይ ሆኖ ሌላ ነገር ማድረግ ቅጣት ያስከትላል።» እንግዲህ ሥርዓት አስከባሪ መሆኔ ነው!

ከእንጅባራ ዙሪያ ገጠር አክስቱ ዘንድ የመጣ፣ ትምህርቱን እዚያ በአገውኛ የጀመረ አንድ ልጅ ግን «መብላት የፈለገ ምክንያት አያጣም» ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረግኩበት። ደብተሩን ሲቀበል ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ አያቴ እንደዚህ ነው ያለችኝ» አለ። «ደብተርህን የምታርመው አያትህ ናት?» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ሰኔ እጁን አላወጣም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ተረቱን የተረዳው እሱ ነበር። እኔ ከነአንበሳ ጋር ተቀምጬ አህያዋ ላይ ፈረድኩ፤ ልጁ እውነቱን ሲነግረኝ ደግሞ እሱንም ጨመርኩበት።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል። አገውኛም በእኛው ፊደል ተጽፎ በአዊ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል። ትልቅ ነገር ነው። ቋንቋው ክፍል ገብቶ አያት ከደጅ ከቀረች ግን ምኑን ገባ? አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ይመክሩን ነበር እንጂ መልሳችን ላይ ኤክስ አላደረጉም። ለዚህ ይመስለኛል ተረታቸው እስከ ዛሬ አብሮን ያለው።

የዛሬ መምህራን ሆይ፣ እስቲ «ምን እንማራለን?» ከማለታችሁ በፊት «እናንተ ቤት እንዴት ነው የሚተረተው?» በሉ። የቤት ሥራው ማታ ከአያት ወይም ከጎረቤት አንድ ተረት ሰምቶ መምጣት ይሁን፤ በአገውኛም ሆነ በአማርኛ። የአንዱ ተረት ከሌላው ባይገጥም አትደንግጡ። ያኔ ነው ልጆቹ «ለምን?» ብለው መከራከር የሚጀምሩት።

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እያልን ነበር የምንጨርሰው። እኔ ግን የዚያን ልጅ ተረት እስካሁን አልመለስኩለትም።