የተጀመረውን ልብስ ስለ መፈጸም

ልጆች ሆይ፥ ሥራን መጀመር ደስ ያሰኛል። በመጀመሪያው ቀን እጅ አይደክምም፥ ዓይንም አይሰለችም። ሰው የሚፈተነው ግን ያ ደስታ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ነገር በመጽሐፍ ካነበብሁት ይልቅ በመርፌና በክር ሥራ አጥብቄ ተረድቼዋለሁና እነግራችኋለሁ።

አሮጌ ልብስ ሲያልቅ ሁለንተናው በአንድ ጊዜ አያልቅም። የሱሪ ጉልበት ቢቀደድ ባቱ ደኅና ነው፤ የሸሚዝ ክርን ቢሳሳ ጀርባው ገና ብርቱ ነው። ብልህ ሴት ደኅናውን ቈርጣ ታስቀምጣለች፤ ቁራጩንም ከቁራጭ ጋራ እያጋጠመች ሰፊ ጨርቅ ታደርገዋለች። ዳሩ ግን ይህ ሰፊ ጨርቅ ለዓይን ያምራል እንጂ ገና አያሞቅም። የሚያሞቀው ሦስት ነገር አንድ ሲሆን ነው፤ ይኸውም ከላይ የተጋጠመው ጨርቅ፥ ከመካከል ባዘቶው፥ ከታች ገበሩ ነው።

በደብረ ብርሃን የምትኖር እኅት አለችኝ። ባሏ በሞተ ጊዜ የሥራ ልብሱን ለማንም መስጠት አልወደደችም። ሱሪዎቹንና ካፖርቱን አጥባ፥ በየመልካቸው ቈርጣ፥ በአንድ ወር ውስጥ የላዩን ጨርቅ ሰፍታ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ግን አጥፋ በሣጥን ቈለፈችበት። ባዘቶው ተገዝቶ፥ ለገበር የሚሆነውም አቡጀዲ ተዘጋጅቶ ነበር። እኔም «ለምን አትፈጽሚውም?» ብዬ ብጠይቃት፥ «የፈጸምሁት ዕለት ለእርሱ የምሠራው ሥራ አይቀርልኝም» ብላ መለሰችልኝ። ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ደግሜ አልጠየቅኋትም።

ኅዳር ገባ፤ ሌሊቱም ውርጭ ሆነ። ሁለቱ ልጆቿ በአንድ ጋቢ ይተኙ ነበርና አንዱ ሲስብ ሌላው ይራቈት ነበር። አንድ ማታ ታናሹ ልጅ «እማዬ፥ የአባባን ልብስ ለሣጥኑ የሰጠሽው ሣጥኑ በርዶት ነውን?» አላት። እኅቴ ምንም አልመለሰችለትም። በማግሥቱ ግን ሣጥኑን ከፈተች፤ ጨርቁንም በወለሉ ላይ ዘረጋች፤ ሰው ልካም አስጠራችኝ።

እንግዲህ የሠራነውን በተራ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ስፌቱን በካውያ ተኰስን፤ የተንጠለጠለውንም ክር ቈረጥን። ገበሩን ውስጡን ወደ ላይ አድርገን አነጠፍን፤ ሲሰፋ ስለሚሰበሰብ በአራቱም ወገን አራት አራት ጣት እንዲተርፍ አደረግን። በገበሩ ላይ ባዘቶውን አስተካክለን ዘረጋን፤ በባዘቶው ላይ የተጋጠመውን ጨርቅ አለበስን። ቀጥሎም ሦስቱን በረጃጅም ስፌት ለጊዜው ያዝናቸው፤ ይህንም ከመካከል ጀምረን ወደ ዳር አደረግን። ከዳር የጀመረ ሰው ጨርቁን ወደ መካከል እየገፋ ይሸበሽበዋል፤ ከመካከል የጀመረ ግን ሽብሽባቱን ወደ ዳር ያስወጣዋል።

ከዚህ በኋላ ጥቃቅኑ ስፌት ይከተላል። መርፌው ሦስቱን ሁሉ ካልወጋ ድካሙ ከንቱ ነው። ያልተያዘ ባዘቶ ልብሱ በታጠበ ጊዜ ወደ አንድ ማዕዘን ሸሽቶ ይጓጐላልና። ስለዚህ ከአንዱ የስፌት መሥመር እስከ ሌላው ከአንድ ጋት አላስበለጥንም። እኔ ክሩን በመርፌ ዓይን አስገባ ነበር፤ ታላቁ ልጅ ጨርቁን ወጥሮ ይይዝ ነበር። ክሩ ባለቀ ጊዜ እኅቴ ቋጠሮውን ሳብ አድርጋ በባዘቶው ውስጥ ትሰውረው ነበር፤ የተሰወረ ቋጠሮ በቶሎ አይፈታምና።

በመጨረሻ ዳሩን አስተካክለን ቈርጠን በጠባብ ጨርቅ ከፈፍነው። የመኝታ ልብስ አስቀድሞ የሚያልቀው በዳሩ ነው፤ የተኛ ሰው የሚይዘውና የሚስበው ዳሩን ነውና። ስለዚህ ላይኛው ቢሳሳ ታችኛው እንዲጠብቅ ክፈፉን ሁለት እጥፍ አደረግነው። እኅቴም በገበሩ ማዕዘን የባሏን ስምና ዘመኑን በቀይ ክር ጻፈች። በዚያች ሌሊት ሁለቱ ልጆች ሳይሻሙ አደሩ።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራች እኅቴ ብቻ አይደለችም። በአሜሪካ አገር፥ በአላባማ ግዛት፥ ወንዝ በዞረው ምድር ላይ ጊስ ቤንድ የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን መንደር አለ። አያቶቻቸው በጥጥ እርሻ በባርነት የሠሩ ነበሩ። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል የዚያ መንደር ሴት፥ ባሏ ከሞተ በኋላ፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. የሥራ ልብሱን ቈራርጣ የመኝታ ልብስ ሰፋች፤ እርሱን ታስታውስበት ዘንድ፥ ትለብሰውም ዘንድ ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. የዚያ አውራጃ ሴቶች የስፌት ማኅበር አቁመው የእጃቸውን ሥራ መሸጥ ጀመሩ። በ2002 ዓ.ም. የጊስ ቤንድ ሴቶች ስፌት በሂውስተንና በኒው ዮርክ በሚገኙ የሥነ ጥበብ ቤቶች ታየ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት መልኩን በቴምብር አተመ። ነገር ግን እነዚያ እናቶች መርፌ ያነሡት ለክብር አልነበረም፤ ነፋስ በሚገባበት ቤት ልጆቻቸው እንዳይበርዳቸው ነበር እንጂ።

ልጆች ሆይ፥ መፈጸም መርሳት አይደለም። የእኅቴ ልጆች በእግራቸው እየገፉ ያንን ልብስ በሁለት ስፍራ ቀድደውታል፤ እርስዋም ከተረፈው ካፖርት ቈርጣ ጥፋዋለች። የሚለበስ ነገር መጠገኛ ይሻልና ለባሏ የምትሠራው ሥራ እስከ ዛሬ አላለቀባትም። በሣጥን ቢቀር ኖሮ ግን የሚጠግነው ሰው ሳይሆን የሚበላው ብል ብቻ በጐበኘው ነበር።

እናንተም የጀመራችሁት ነገር ቢኖር፥ ጽሕፈትም ቢሆን፥ ፈትልም ቢሆን፥ ለታመመ ባልንጀራ የታሰበ ጥየቃም ቢሆን፥ እስከ ክፈፉ ድረስ አድርሱት። እኩል የተሠራ ልብስ ማንንም አያሞቅምና።