ሲናሩ ሳያልቅ

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በሕፃናት የካንሰርና የደም ሕሙማን ክፍል ውስጥ ንጋት የሚታወቀው በሙቀት መለኪያ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ነርሷ ከአልጋ ወደ አልጋ መዘዋወር ስትጀምር፣ በየአልጋው ግርጌ ጋቢውን ተከናንቦ ያደረ ወላጅ ሁሉ ቀና ይላል። የሚጠበቀው አንድ ቁጥር ነው። 36 ተኩል ከሆነ ቀኑ እንደ ትናንቱ ይቀጥላል። 38 ካለፈ ግን ሐኪም ይጠራል፤ ደም ለምርመራ ይቀዳል፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ውጤቱ ሳይጠበቅ በደም ሥር ይሰጣል። የካንሰር መድኃኒት በሚወስድ ልጅ ላይ ትኩሳት እንደ ተራ ሕመም አይታይም። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ስለሚመነምኑ፣ ሌላውን ልጅ ከጨዋታ የማያስቀር ተሕዋስ እሱን በሰዓታት ውስጥ ሊጥለው ይችላል።

ከእነዚህ ወላጆች አንዱ ከመንዝ የመጣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። የ7 ዓመት ሴት ልጁ ፊቷ እየገረጣ፣ ድዷ እየደማ፣ ሌሊት ሌሊት እግሯን እያመማት ሳምንታት አለፉ። አንዱ ቁርጥማት ነው አለ፤ ሌላው የደም ማነስ ነው አለ። ከጠበልም ከጤና ጣቢያም ተመላልሳ በመጨረሻ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ዋና ከተማው ተላከች። ከዳሌ አጥንቷ የተቀዳው መቅኒ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሕመሙ ስም ታወቀ፤ ሉኪሚያ ነበር። በሕፃናት ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛው ይኸው የደም ካንሰር ነው።

መምህሩ ስሙን ሲሰማ እንደ ሞት ፍርድ ቆጠረው። በእርግጥም እ.ኤ.አ. እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ይህ ሕመም የያዘው ልጅ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያልፍ ነበር። በ1947 መጨረሻ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሲድኒ ፋርበር የተባለ ሐኪም አሚኖፕቴሪን የተባለውን መድኃኒት ለሕፃናት መስጠት ጀመረ። በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 16 ሕፃናት 10ሩ ለጊዜው ማገገማቸውን ገለጠ። ማገገሙ አጭር ነበር፤ ቢሆንም መንገዱ ተከፈተ። በ1960ዎቹ ሐኪሞች ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት ጀመሩ። ከእነዚህም አንዱ ቪንክሪስቲን፣ መነሻው ማዳጋስካር ከሆነች፣ ሐምራዊ አበባ ከምታብብ ተክል የሚገኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ካንሰር ከሚይዛቸው ሕፃናት ከመቶ 80 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በብዙ ድሆች አገሮች ግን ከመቶ 30 አይሞሉም። ድርጅቱ በ2018፣ እስከ 2030 ድረስ በዓለም ዙሪያ ቢያንስ ከመቶ 60ዎቹ እንዲድኑ ግብ አስቀምጧል። በሁለቱ ዓለማት መካከል ያለውን ገደል የሚያሰፋው የመድኃኒት እጦት ብቻ አይደለም። ዘግይቶ መድረስ፣ ኢንፌክሽን፣ የደም እጥረት፣ ከሁሉም ይልቅ ሕክምናን በመሐል አቋርጦ ወደ አገር ቤት መመለስ አብረው ይሠራሉ።

መምህሩ ይህን ሁሉ ያወቀው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የተማረው እጅ መታጠብን ነበር። ከዚያም ልጁ የምትበላው ሁሉ በደንብ የበሰለ፣ የምትጠጣው የፈላ መሆን እንዳለበት፣ ጥርሷን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ማጽዳት፣ አፏን በጨው ውኃ ማጉመጥመጥ፣ አስፕሪን ከቶ አለመስጠት፣ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ቢመጣ ከበር ላይ አመስግኖ መመለስ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ከበደው። በአገሩ ወግ የታመመን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከደጅ አይመለስምና።

ፕሬድኒሶሎን የተባለው ኪኒን ፊቷን አሳብጦ ባሕርይዋን ለወጠው። እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥታ «አባዬ፣ ሽሮ» ትላለች፤ ሽሮው ሲቀርብ ታለቅሳለች። ቪንክሪስቲን ሆዷን አደረቀው፤ ጣቶቿንም አደነዘዘ። ሜቶትሬክሴት አፏን አቆሰለው። መድኃኒቱን በጀርባ አጥንቷ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰሯ ፈሳሽ ለመጨመር በጎኗ ተኝታ፣ ጉልበቷን ከደረቷ አጣብቃ መታጠፍ ነበረባት። ያን ጊዜ አጥብቆ የሚይዛት አባቷ ነው። ልጁን ለመርፌ አጉብጦ የሚይዝ አባት ምን እንደሚሰማው ለባልደረቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንድም ቃል የለም።

ከጎኗ ባለው አልጋ ሄሞፊሊያ ያለበት የ9 ዓመት ልጅ ተኝቶ ነበር። የእሱ ደም የሚጎድለው ለመርጋት የሚያስፈልግ አንድ ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህ ሲወድቅ ጉልበቱ ውስጥ ደም ይቋጠራል። የእሷ ጉድለት ሌላ ነው፤ ሕመሙና መድኃኒቱ የደም አርጊ ሕዋሳቷን ጨርሰውባታል። ይህ ሕዋስ ከለጋሽ ከተወሰደ በኋላ በ20 እና በ24 ዲግሪ መካከል እየተናጠ የሚቆየው ለ5 ቀን ያህል ብቻ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት በቅዝቃዜ ለሳምንታት ሲቆዩ ይኸኛው አከማችተው የሚያኖሩት አይደለም። አንድ ቀን አፍንጫዋ አልቆም ብሎ ደማ፤ አርጊ ሕዋስም በክምችት አልነበረም። በማግሥቱ የደረሰው ከረጢት የማን እንደሆነ መምህሩ አያውቅም። በዚያው ሳምንት ክንዱን ሲዘረጋ ያነጋገሩትም፣ ያስገደደውም ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የመቅኒው ምርመራ ተደገመ። የሕመሙ ሕዋሳት አልታዩም። ልጅቷ ሳቀች፤ በኮሪደሩም ሮጠች። ወቅቱ ግንቦት ነበርና ከመንዝ ደብዳቤ ደረሰው፤ አንደኛው በሬ ለሕክምናው ተሸጧል፣ እርሻው አልታረሰም፣ ሚስቱ ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር ብቻዋን ናት። እሱም ጓዙን ማሰር ጀመረ።

«ድናለችኮ፣ ዶክተር» አለ።

«አልዳነችም፣ መምህር» አለችው ሐኪሟ። «በመጀመሪያው ቀን በሰውነቷ የነበሩት ክፉ ሕዋሳት በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ነበሩ። አሁን በማይክሮስኮፕ አይታዩም። ግን ሳይታዩ ቢሊዮን ያህል ሊቀሩ ይችላሉ። አሁን ብታቋርጡ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱን የለመዱ ሆነው ነው የሚመጡት። ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል።»

መምህሩ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «እንደ ሲናር» አለ።

ሐኪሟ የከተማ ልጅ ስለሆነች አልገባትም። እሱም አስረዳት። ሲናር በገብስ ማሳ ውስጥ ሲበቅል እሸት እስኪያወጣ ድረስ ከገብሱ አይለይም። ገበሬው የታየውን ነቅሎ ማሳው ጠራ ሲል፣ አስቀድሞ የረገፈው ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይበቅላል። አንድ ክረምት አርሞ የተወ ሰው ማሳውን ለሲናር አስረክቧል። ይህን የነገሩት አባቱ ነበሩ፤ ለተማሪዎቹም በየዓመቱ ያስተምረው ነበር።

ጓዙን ፈታ። ይህ ውሳኔ በአንድ ሰው ጽናት ብቻ የሚቆም አልነበረም። የሚስቱ ወንድምና ጎረቤቶች በደቦ ማሳውን አረሱለት፤ ባልደረቦቹ ክፍለ ጊዜውን ተካፈሉት። በአዲስ አበባም ከሩቅ ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ የሚሰጡ አሉ። ከእነዚህም መካከል በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ልጃቸውን በሉኪሚያ ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ነው። ደቦው ወይም ማረፊያው ባይኖር የሐኪሟ ማስረጃ ምንም ያህል እውነት ቢሆን ልጅቷን አያስቀራትም ነበር። ሕክምና አቋርጦ ለሚሄድ አባት «አላወቀም» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አውቆ፣ ቆጥሮ፣ አቅም አጥቶ ነው የሚሄደው።

በሐምሌ ወር ከመስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ባዶ ሆነ። ልጆቹ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። አንዲት እናት አገሩ ገብቷል ልትል ጀምራ መምህሩን አየችው። እሱም መሞቱን ነገራቸው፤ የተኛበትን አልጋ አብረዋቸው ዝም ብለው ተመለከቱ፤ ጥያቄዎቻቸውንም አንድ በአንድ መለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ ስለ ራሳቸው ሕመም የሚጠይቁት እሱን ሆነ። ጠዋት ጠዋት በካርቶን ላይ ፊደልና ሒሳብ ይጽፍላቸዋል፤ መነሣት ያልቻለው ከአልጋው ላይ ሆኖ ይመልሳል።

አሁን ልጅቷ ሆስፒታል የምትመጣው በቀጠሮ ነው። ማታ ማታ መርካፕቶፑሪን የተባለውን ኪኒን ትውጣለች፤ ጸጉሯም መብቀል ጀምሯል። አባቷ ባለ ሥኩዌር ደብተር ገዝቶ አሰመረላት። ኪኒኗን በዋጠች ቁጥር አንድ ካሬ በቀይ እርሳስ ትሞላለች። እስካሁን የተሞሉት 118 ናቸው። ያልተሞሉትን ቆጥራ የነገረችው እሷ ነች፤ እሱም ድምሩን በጥንቃቄ አይቶ «ትክክል» ብሎ ምልክት አደረገበት።