በጊዜ የመጣ ሽንፈት

ዛሬ ወሬያችን ስለ ኳስ ነው። ያውም ስለለመድነው እግር ኳስ ሳይሆን፣ በእጅ እየተወረወረ አሜሪካኖች "ፉትቦል" ስለሚሉት። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የምንኖር ሐበሾች ይህን ጨዋታ ያወቅነው በፍቅር አይደለም፣ በሥራ ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሜዳው የሚጫወት ቅዳሜ መንገዱ ይዘጋል፣ ከተማው ቀይና ግራጫ ይለብሳል፣ ታክሲ የምንነዳውም ከዙሁር እስከ እኩለ ሌሊት እረፍት የለንም። ቡድኑ ሲያሸንፍ ተሳፋሪው ይዘፍናል፣ ቲፑም ደህና ነው። ሲሸነፍ የኋላው ወንበር ለቅሶ ቤት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2014፣ በእኛ ጳጉሜ 1 ቀን 2006፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ ነበር። ጨዋታው የተጀመረው ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ገና መግሪብ እንደተሰገደ ነው። ስታዲየሙ 107,517 ሰው ይዟል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል ሕዝብ ገብቶበት አያውቅም። የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከሌላ ግዛት መጥቶ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት 35 ለ 21 አሸነፋቸው።

ለማያውቁት ትንሽ እናስረዳ። በኮሌጅ ፉትቦል አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር የሚጫወተው 12 ጨዋታ ብቻ ነው። እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 38 ጨዋታ ቢኖር "ቀጣዩን እናያለን" ይባል ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ አዲስ ሥርዓት ተጀምሯል፤ ያኔ ከመላው አገሪቱ 4 ቡድኖች ብቻ በኮሚቴ ተመርጠው ለዋንጫ ይፋለሙ ነበር። ኦሃዮ ስቴት ከጨዋታው በፊት በአገሪቱ 8ኛ ነበር፣ ከጨዋታው በኋላ 22ኛ ሆነ። ገና በሁለተኛው ሳምንት! ተሳፋሪዎቻችን "ዓመቱ አለቀ" ሲሉ ማካበዳቸው አልነበረም፤ ስሌቱን ያውቁታል።

እኛ ሙስሊሞች ክፉ ነገር ሲገጥመን "ለኸይር ነው" ማለት እናውቅበታለን። ጥሩ ነው፣ ልብ ያረጋጋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ እናቆማለን። ኸይሩ የቱ ጋ እንዳለ የሚፈልግ የለም። የዚያ ሌሊት ሽንፈት እኛን የሳበን ለዚህ ነው፤ ኸይሩ በግልጽ የሚታይ፣ በጣት የሚጠቆም ነበር።

እስቲ ምን እንደተፈጠረ እንየው። ኳሱን የሚያከፋፍለው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል፤ የቡድኑ አንጎል ነው። የኦሃዮ ስቴት ዋና ኳርተርባክ ብራክስተን ሚለር ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው በልምምድ ላይ ትከሻው ተጎድቶ ለዓመቱ ከሜዳ ራቀ። በቦታው የገባው ጄ ቲ ባሬት የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ በኮሌጅ ደረጃ ከዚያ በፊት የጀመረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ከፊቱ ቆመው ከሚጠብቁት አምስት ግዙፎች ደግሞ አራቱ ለቦታው አዲስ ናቸው። ቨርጂኒያ ቴክ ይህን አይቶ ነው የመጣው። ተከላካዮቹን ወደ ፊት አጠጋቸው፣ ከኋላ የሚቆም ጠባቂ እንኳ ሳያስቀር። በሌላ አነጋገር "መሮጫ የላችሁም፤ ልጁ መወርወር ከቻለ ይወርውር" አሉ። ልጁ አልቻለም። 29 ጊዜ ወርውሮ የተሳካለት 9 ብቻ ነው፣ 3 ኳስ ተነጠቀ፣ 7 ጊዜ ኳሱን ሳይለቅ መሬት ላይ ተጣለ። የመጨረሻውን ኳስ የነጠቀው ተከላካይ ይዞት ሮጦ ነጥብ አስቆጠረበት።

አንዳንዱ ደጋፊ የተጽናናው በሌላ ነገር ነበር። ለእረፍት ሲወጡ 21 ለ 7 እየተመሩ ነበር፣ ከዚያ ተነስተው 21 ለ 21 አደረሱት፣ ስለዚህ ወኔ አላቸው የሚል። እኛ ይህን ማጽናኛ ብዙም አንወደውም። ወኔ የሌለው ቡድን የት አለ? ትልቁ ነገር ሽንፈቱ አድራሻ ያለው መሆኑ ነው። "ተጫዋቾቹ አይረቡም" ወይም "አሰልጣኙ ይባረር" የሚያሰኝ ድፍን ያለ ውድቀት አልነበረም። ተጋጣሚው በዚህ መልክ ተጠግቶ ሲቆም መልስ የለንም የሚል አንድ የተለየ ጥያቄ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተጋጣሚ ሁሉ ያን ፊልም እንደሚያየው አሰልጣኝ ኧርባን ማየርም ሆነ ልጆቹ ያውቃሉ። መልሱን ካላገኙ በየሳምንቱ ያው ጥያቄ ይመጣባቸዋል።

ሁለተኛው ኸይር ጊዜው ነው። በቀጣዩ ሳምንት ኬንት ስቴት የሚባለውን ደካማ ጎረቤታቸውን 66 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ ጨዋታ የሌለበት ሳምንት ነበራቸው። ያው ሽንፈት በኅዳር ቢመጣ ኖሮ ለማረም አንድም ባዶ ሳምንት አይገኝም ነበር። ከእረፍቱ ሲመለሱ ሲንሲናቲን 50 ለ 28፣ ሜሪላንድን 52 ለ 24፣ ሩትገርስን 56 ለ 17። ኅዳር ሲገባ ባለፈው ዓመት የሊጉን ዋንጫ የነጠቃቸውን ሚሺጋን ስቴትን በሜዳው 49 ለ 37 ረቱ። ባሬትም በመጨረሻው መደበኛ ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ሦስተኛው ኳርተርባክ ካርዴል ጆንስ ገብቶ ዊስኮንሰንን 59 ለ 0፣ አላባማን 42 ለ 35፣ በመጨረሻም ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 ኦሬጎንን 42 ለ 20 አሸንፎ ዋንጫው ኮሎምበስ ገባ። ሱብሓነላህ! በዚያ ሰሞን ቲፕ እንዴት እንደነበር አትጠይቁን።

ስለ አሸናፊው የሚያወራ ሰው ግን ብዙ አልሰማንም። ቨርጂኒያ ቴክ ያን ታላቅ ድል ይዞ አገሩ በገባ በሳምንቱ በገዛ ሜዳው በኢስት ካሮላይና 28 ለ 21 ተሸነፈ። ዓመቱን የጨረሰው በ7 ድልና በ6 ሽንፈት ነው። ድል የቤትን ቀዳዳ እንዴት እንደሚሸፍን ከዚህ በላይ ማሳያ አናውቅም።

ነገሩን እንዳናሳምረው ደግሞ ይህንንም እንጨምር። በ2017 ያው ኦሃዮ ስቴት፣ ያው ባሬት አሁን አንጋፋ ሆኖ፣ ያው ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ በሜዳቸው በኦክላሆማ 31 ለ 16 ተሸነፉ። ከተማው ሁሉ "አይዟችሁ፣ እንደ 2014 ነው" አለ። በኅዳር አዮዋ 55 ለ 24 ረመረማቸው። የሊጋቸውን ዋንጫ ቢያነሱም ከአራቱ ውስጥ አልተመረጡም። ቶሎ መሸነፍ ብቻውን ማንንም አያስተምርም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳነው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። የወንድማችን ልጅ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቷል፤ ሐኪም መሆን ይፈልጋል። የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ላይ ከ25 ጥያቄ 11 አገኘ። አባቱ ለሃያ ዓመት ሌሊት የነዳው ለዚህ ልጅ ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ዝም አለ። እናቱ "ለኸይር ነው" አለች። ልጁ ትምህርቱን ጥሎ ከአባቱ ጋር ሊነዳ አሰበ። "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" አለን።

ከዒሻ በኋላ መስጂዱ ምድር ቤት አስቀምጠን ወረቀቱን አምጣ አልነው። ማንም ምክር አልሰጠውም። ከመካከላችን አንዱ አገር ቤት ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር፤ ከሳታቸው 14 ጥያቄዎች ዘጠኙ ላይ በቀይ እስክርቢቶ አከበበ። ዘጠኙም አንድ ዓይነት ስህተት ናቸው፤ ግራሙን ወደ ሞል ሲቀይር ይሳሳታል። የቀሩት አምስቱ በእርግጥ ከባድ ጥያቄዎች ነበሩ። ልጁ ወረቀቱን ለብዙ ደቂቃ አየው። "ይኸው ብቻ ነው?" አለ። ይኸው ብቻ እንዳልሆነ፣ ግን አብዛኛው ይኸው እንደሆነ ነገርነው። ያን ጊዜ ነው የ2014ቱን ቡድን ያነሳንለት፤ እሱ በዚያ ዓመት ገና ሕፃን ነበር፣ የሚያውቀው ዋንጫውን ብቻ ነው።

ትምህርቱን አልተወም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከመምህሩ ጋር ይቀመጣል፣ እኛም ተራ ገብተን ሻይ እናፈላለን። ሁለተኛው ፈተና ላይ ከ25 ጥያቄ 17 አግኝቷል። ለሕክምና ትምህርት ይህ እንደማይበቃ እሱም ያውቃል። ሦስተኛው ፈተና የፊታችን ሰኞ ነው፣ በዱዓችሁ አትርሱት።