ጥጥ የለቀመው ቡድን

ከዳላስ ተነስተው 20 ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዘው ወደ ምሥራቅ ቢነዱ፣ አራት ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ በሰሜን ሉዊዚያና የጥድ ደኖች መካከል ግራምብሊንግ የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛሉ። ከቴክሳስ ወደ አትላንታ የሚሄዱ ወገኖቻችን በአጠገቧ የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነው። ፎቅ ወይም ትልቅ ገበያ ለማየት የሚቆምባት ከተማ አይደለችም። የአሜሪካ ፉትቦል ለሚወድ ሰው ግን ስሟ ትልቅ ነው።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ፉትቦል ስንል እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ማለታችን አይደለም። ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ የራስ ቁር የደፉ ወጣቶች የሚጋጠሙበት ጨዋታ ነው።

ገበሬዎች የመሠረቱት ትምህርት ቤት

የዛሬው ግራምብሊንግ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1901 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የአካባቢው ጥቁር ገበሬዎች ማኅበር ለልጆቹ ትምህርት ቤት ፈልጎ ከታዋቂው መምህር ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን እርዳታ ጠየቀ፤ ቻርልስ አዳምስ የተባሉ ሰው ተላኩለት። በዚያን ዘመን በደቡባዊዎቹ ግዛቶች የነጮች ዩኒቨርሲቲዎች በር ለጥቁር ልጅ የተዘጋ ነበር።

በ1941 ኤዲ ሮቢንሰን የተባሉ የ22 ዓመት ወጣት አሰልጣኝ ሆነው መጡ። እናታቸው በሰው ቤት ሠራተኛ፣ አባታቸው በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያመርቱ እኩል አራሽ ነበሩ። እርሳቸውም ቀደም ሲል በባተን ሩዥ በአንድ የእንስሳት መኖ ወፍጮ በሰዓት 25 ሳንቲም እየተከፈላቸው ይሠሩ ነበር። አዲሱ ደመወዛቸው በወር 63 ዶላር ከ75 ሳንቲም ሆነ። ለዚህም ክፍያ ከማሰልጠን ሌላ የሜዳውን ሣር ያጭዳሉ፤ መስመሩን ያሰምራሉ፤ የተጫዋቾቹን ቁርጭምጭሚት በፋሻ ያስራሉ፤ የጨዋታውን ዘገባ ለጋዜጦች ይጽፋሉ። ቡድኑ ለጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ በመንገድ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች ጥቁሮችን ስለማያስተናግዱ፣ ለልጆቹ ሳንድዊች የሚያዘጋጁትም እርሳቸው ነበሩ።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት 3 ድልና 5 ሽንፈት ነበር። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1942፣ ቡድኑ 9 ጊዜ ተጫውቶ 9ኙንም አሸነፈ። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በዚያ የውድድር ዘመን ሁሉ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም! ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ ጦርነት ሁለት ዓመት አቋረጠው።

ድር ቢያብር

ከእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ጎበዝ የሆኑ ሯጮች አባታቸው ጥጥ ለመልቀም ወደ ቤት ስለ ጠሯቸው ከቡድኑ ቀሩ። አባትየው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጥጡ ካልተለቀመ ቤተሰቡ የሚበላው የለም። አሰልጣኙ ልጆቹን ከመቆጣት፣ አባትንም ከመውቀስ ይልቅ ሌሎቹን ተጫዋቾች ይዘው ወደ እርሻው ሄዱ፤ ቡድኑ በአንድነት ጥጡን ለቀመ፤ ልጆቹም ወደ ሜዳ ተመለሱ። የእኛ አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። በግራምብሊንግ ድሩ ገና ጥጥ ሳለ ተባብሯል።

ሮቢንሰን በዚያች ትንሽ ከተማ እስከ 1997 ቆዩ። 408 ጨዋታዎች አሸነፉ፤ ከ200 በላይ ተጫዋቾቻቸው ወደ ታላቁ የሙያ ሊግ ገቡ። ከእነርሱም አንዱ ዳግ ዊልያምስ ነው። ኳርተርባክ ማለት ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች ነው፤ ለዚህ ቦታ ጥቁር ሰው አይበቃም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ዊልያምስ ግን በጥር 1988 የዋሽንግተንን ቡድን መርቶ ዴንቨርን 42 ለ 10 በማሸነፍ፣ የሱፐር ቦውልን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። አሰልጣኙ ግን ትልቁ ክብረ ወሰኔ አንድ ሥራና አንዲት ሚስት ይዤ መኖሬ ነው ይሉ ነበር። በ2007 ሲያርፉ ከባለቤታቸው ከዶሪስ ጋር በትዳር 65 ዓመት ኖረው ነበር።

የጨለመው ዓመትና የተመለሰው ደስታ

ታሪክ ብቻውን ግን ቤት አያድስም። የዘር መድልዎ አጥር ሲፈርስ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ምርጥ ጥቁር ተጫዋቾችን መውሰድ ጀመሩ። በኋላም ግዛቱ ለዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ድጋፍ እየተቀነሰ ሄደ። በጥቅምት 2013 ተጫዋቾቹ የልምምድ ቦታው ሻግቷል፣ የአውቶቡስ ጉዞውም እጅግ ረጅም ነው ብለው ወደ ጃክሰን ስቴት ጨዋታ ለመሄድ እምቢ አሉ። ጨዋታው በፎርፌ ተሸነፈ፤ በዚያ ዓመት ሁሉ ያሸነፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2016፣ ያው ቡድን 11 ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። በታኅሣሥ ወር በአትላንታ በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ተጋጣሚው ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነጥብ አስቆጥሮ 10 ለ 9 ደረሰ። አቻ የምታደርገውን ምት አንድ የግራምብሊንግ ተጫዋች እጁን ዘርግቶ አገዳት። ዋንጫውም በአንድ ነጥብ ልዩነት ወደ ጥዶቹ ከተማ ተመለሰ።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ግቢ በ2010 የተከፈተው የኤዲ ሮቢንሰን ሙዚየም አለ። በኅዳር መጨረሻ ደግሞ ቡድኑ በኒው ኦርሊንስ ከሰዘርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጋጠም፣ በእረፍት ሰዓት የሚሰለፈውን የማርሽ ባንድ ብቻ ለማየት የሚመጣ ሕዝብ ብዙ ነው። ልጆች ያሏችሁ ወላጆች በዚያ መንገድ ብታልፉ ጥቂት ቆም በሉ። ዋንጫዎቹን አሳዩአቸው፤ የጥጡንም ታሪክ ንገሯቸው።

እኛስ? በቤተ ክርስቲያናችን ካሉት ወጣቶች መካከል በኑሮ ምክንያት ከትምህርት ወይም ከመዘምራን የቀረ ማን ነው? «ለምን ቀረህ?» ብለን ጠይቀን ይሆናል። ወደ እርሻው የሄድን ግን ስንቶቻችን ነን?