ሽማግሌ የሚወርድበት ቀን

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ አበሻ የለም። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ መብላቱ ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ መሻሩ ነው። በእኛ አገር ከወንበር መነሳት ማለት መዋረድ ስለሆነ፣ የተቀመጠ ሁሉ ላለመነሳት ይታገላል። ይህ በቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን በእድርም፣ በማኅበርም፣ በቤተ ክርስቲያንም ያለ ነገር ነው።

ዛሬ ስለ ፕረስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ስሙ የመጣው ሽማግሌ ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ የሚናገረውም ስለ አስተዳደሩ ነው፦ በጳጳስ ሳይሆን በሽማግሌዎች ጉባኤ የምትመራ ቤተ ክርስቲያን።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ምእመናን ከመካከላቸው ሽማግሌዎችን ይመርጣሉ። ሽማግሌዎቹ ከመጋቢው ጋር ተቀምጠው የአጥቢያዋን ጉዳይ ይወስናሉ፤ መጋቢው ስብሰባውን ይመራል እንጂ አያዝዛቸውም። የበርካታ አጥቢያዎች መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ደግሞ ፕረስቢተሪ የሚባለውን የአካባቢ ጉባኤ ያቋቁማሉ። መጋቢው ተጠሪነቱ ለዚህ ጉባኤ ነው። ስለዚህ እሱ ሽማግሌዎቹን ማባረር አይችልም፤ እነሱም ተቆጥተው በአንድ ሌሊት ሊያሰናብቱት አይችሉም። ከበላይ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ከታች ተበደልሁ ያለ ሰው ወደ ላይ ይግባኝ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1560 እነ ጆን ኖክስ በስኮትላንድ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ሲጽፉ፣ ሽማግሌዎች በየዓመቱ ይመረጡ አሉ። ምክንያታቸውም ሰው በሹመት ላይ ብዙ ሲቆይ የቤተ ክርስቲያኗን ነጻነት መዳፈር ይጀምራል የሚል ነበር። በ1578 የወጣው ሁለተኛው የሥርዓት መጽሐፍ ግን ሽማግሌነትን የዕድሜ ልክ አደረገው። ክርክሩ አላለቀም። ዛሬ በአሜሪካ ትልቁ የፕረስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቢበዛ ለሦስት ዓመት ይመረጣል፤ ዳግም ቢመረጥም ከስድስት ተከታታይ ዓመት በላይ ማገልገል አይችልም። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ሰብሳቢም በየዓመቱ ይቀየራል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካው ሥርዓት ሽማግሌው የተቀባው ለዕድሜ ልኩ ነው። የአገልግሎት ዘመኑ ሲያበቃ ወንበሩን ይለቅቃል፣ ሽማግሌነቱ ግን አብሮት ይኖራል። ክብሩንና ወንበሩን ለያይተዋቸዋል። የሚወርድበት ቀን በተመረጠበት ቀን ስለሚታወቅ፣ ሲወርድ «ምን አጥፍቶ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፕረስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1919 ደምቢ ዶሎ ገብተው ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ ሥራውን ተሸክመው ያቆዩት የአገሬው ምእመናን ናቸው። ከመሪዎቻቸው አንዱ ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የዶ/ር ነጋሶ አባት ነበሩ። ከዚህ ሥር የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዳለች። ሥርዓቱ ብቻውን አቆያት አልልም። ግን ባለቤቷ አንድ ሰው የሆነ ቤተ ክርስቲያን ያ ሰው በሄደ ማግስት ምን እንደምትሆን እናውቃለን።

እኔም በቅርብ አይቻለሁ። ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት አጥቢያ የሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ። አንድ ሽማግሌ የገንዘብ ሪፖርት ጠየቁ። መጋቢው በሚቀጥለው እሑድ ስለ ዓመፀኝነት ሰበከ። በወሩ ሽማግሌው «በገዛ ፈቃዳቸው» ተሰናበቱ ተባለ። ቃለ ጉባኤው እጄ ላይ ነበር፤ እንዲህ የሚል ውሳኔ የለበትም። ግን ይዤው ወዴት እሄዳለሁ? ከመጋቢው በላይ የሚሰማኝ አካል አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ይግባኝ ሰሚ አልሆነም።

ሽማግሌዎችስ ተመሳጥረው አይበድሉም ወይ? ይበድላሉ። ጉባኤም ይዘገያል፣ ያሰለቻል። ይህ ሥርዓት ራሱ ብዙ ጊዜ ተሰንጥቋል። በ1843 ባለርስቶች ምእመናን ያልፈለጉትን መጋቢ መሾማቸውን በመቃወም 474 የስኮትላንድ መጋቢዎች ደመወዛቸውንና ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። እኔ የምለው ስሕተት የማይሠራ ሥርዓት ተገኘ አይደለም፤ ስሕተቱን ይዘው የሚሄዱበት በር ይኑር ነው።

በእኛ ባህል ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ይመርቃል፤ «ጊዜዎ አልቋል፣ እናመሰግናለን» ተብሎ ግን አያውቅም። ነውር ይመስለናል። ለዚህ ነው የእድሩ ሊቀመንበር ሃያ ዓመት የሚቀመጠው፤ ለዚህ ነው የባንክ ሒሳቡም፣ የይዞታ ካርታውም፣ መድረኩም በአንድ «ነቢይ» እጅ ሲወድቅ ዝም የምንለው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ፣ ወይም በወሩ መጨረሻ እድር ስትሰበሰቡ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን መረጣቸው? መቼ ይወርዳሉ? ብንበደል ለማን እንናገራለን? ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠይቁ ፊታቸው የሚለዋወጠውን ልብ በሉ። ሥራው የሚጀምረው ከእነሱ ጋር ነው።