አንቺስ?

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጡ የአሜሪካን ኤምባሲን አለፍ ብሎ ሽሮ ሜዳን ያገኛሉ። ከባለቤቴ ጋር ለሙሽሮች ጋቢ ልንገዛ ገብተን ሳለ፣ አንዲት ፈረንጅ ዋጋ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ሻጩ ግራ ሲገባው ያንኑ ጮክ ብላ ደገመችው።

«ምናለ ‹ስንት ነው?› ብትል!» ብዬ አጉረመረምኩ። (ሁሉም እንዲህ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት የሰላም ጓድ መምህራን አማርኛ ተምረው ነበር።) ባለቤቴ ጥግ ላይ በጋሞኛ የሚጨዋወቱትን ሸማኔዎች አሳየኝና፣ «አንቺስ?» አለኝ።

የሠርጌን ነጠላ የሸመኑት ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2ን ይዤ «እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ሰማ» እያልኩ እህቶችን የማስተምር እኔ፣ ሃያ ዓመት ስመላለስ አንዲት ሰላምታ አልያዝኩም። አፍሬ ጠጋ አልኩና ጠየቅኋቸው። «ሳሮ» አሉኝ ትልቁ። «ሳሮ» ስላቸው መወርወሪያቸውን አስቀምጠው ረጅም መልስ ሰጡኝ። አንዱም አልገባኝም።